ለባለአንድ አክስል ተሳቢ የትራክተር መጎተቻ አመራረጥ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ትራክተር በሚገዙበት ጊዜ ስለ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት፣ ስለ ጎማውና ስለ መለዋወጫው አጥብቀው ይጠይቃሉ። በስተኋላ በኩል ስላለው መጎተቻ ግን የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ሻጩም «ሁሉንም ይጎትታል» ካለ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ዳሩ ግን አጨዳው ተጠናቅቆ ትራክተሩ ከእርሻ ሥራ ወደ ምርት ማጓጓዝ ሲዞር፣ በተለይም እንደ አርሲና ባሌ ባሉ ዳገትና ቁልቁለት በሚበዛባቸው አገሮች፣ የሾፌሩን ደኅንነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ትንሽ መስሎ የሚታይ ብረት ነው።

መጎተቻ ለመምረጥ ሁለት ነገሮችን በሜትር መለካት ያስፈልጋል። እነርሱም ተሳቢው የሚያያዝበት ቦታ ከኋላ አክስል ምን ያህል እንደሚርቅና ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው።

ክብደቱ የት ያርፋል?

ባለሁለት አክስል ተሳቢ ክብደቱን በአራቱም ጎማዎቹ ራሱ ይሸከማል፤ ከትራክተሩ የሚፈልገው መጎተትን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ባለአንድ አክስል ተሳቢ ግን የክብደቱን አንድ ክፍል በአንገቱ በኩል በትራክተሩ ላይ ያሳርፋል። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም። የኋላ ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው እንዲይዙ ስለሚረዳ በጭቃ ላይ ጥቅም አለው። ጉዳቱ የሚመጣው ክብደቱ ከአክስሉ ርቆ ሲያርፍ ነው። የኋላ አክስል እንደ ሚዛን መሐል ሆኖ ከበስተኋላው ያለው ጭነት የፊቱን ጎማዎች ወደ ላይ ያነሣል።

ከፊል ተሳቢ የሚጎትቱ የጭነት መኪናዎችን የተመለከተ ሰው ተሳቢው የሚቀመጥበት ክብ ሳሕን ከኋላ አክስሎች በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት መሠራቱን አስተውሎ ይሆናል። በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ የመኖሪያ ተሳቢዎችን በፒክአፕ የሚጎትቱ ሰዎችም ይህንኑ ሳሕን በመኪናው ሣጥን ውስጥ የሚተክሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በትራክተር ላይ ግን ቦታው ስለማይፈቅድ ማያያዣው ምንጊዜም ከአክስሉ በስተኋላ ይሆናል። ስለዚህ የምንችለው ርቀቱን ማሳጠር ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት 2500 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 220 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ትራክተር እንውሰድ። የፊት ጎማዎቹ የክብደቱን 35 በመቶ፣ ማለትም 875 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማሉ እንበል። መሪው በትክክል እንዲታዘዝ የፊት ጎማዎች ቢያንስ ከትራክተሩ ክብደት 20 በመቶ፣ በዚህ ምሳሌ 500 ኪሎ ግራም መሸከም ይኖርባቸዋል።

ተሳቢው ባዶውን 10 ኩንታል፣ ከነጭነቱ 40 ኩንታል ይመዝናል። ጭነቱ በሚገባ ከተደለደለ 15 በመቶው፣ ይኸውም 600 ኪሎ ግራም በመጎተቻው ላይ ያርፋል። የመጎተቻው ዘንግ ቀዳዳ ከአክስሉ 80 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ 600 በ80 ተባዝቶ ለ220 ሲካፈል ወደ 220 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ከፊት ጎማዎች ላይ የሚነሣ ክብደት ሲሆን 655 ኪሎ ግራም ይቀራል። ማያያዣው በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ የሚነሣው 110 ብቻ ነበር። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ፊት ተከምሮ በአንገቱ ላይ የሚያርፈው 1200 ቢደርስ ግን በ80 ሴንቲ ሜትሩ መጎተቻ የፊት ጎማዎች ወደ 440 ይወርዳሉ፤ መሪው በጥርጊያ መንገድ ላይ እንኳ አይታመንም።

ከፍታው

ከዚህ በላይ የመሳቡ ኃይል አለ። ትራክተሩ በዳገት ላይ በ800 ኪሎ ግራም ኃይል ይስባል እንበል። መጎተቻው ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ከፊት ጎማዎች ተጨማሪ 165 ኪሎ ግራም ያህል ይነሣል። ከላይ ከቀረው 655 ላይ ሲቀነስ 490 ይቀራል፤ ይህ ከወሰኑ ጥቂት ያነሰ ነው። ተሳቢው በ95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለምሳሌ የላይኛው የማንሻ ክንድ በሚታሰርበት ቦታ ላይ ቢያያዝ ኖሮ የመሳቡ ኃይል ብቻ 345 ያነሣ ነበር። ዳገቱ በራሱ የሚያቃልለው በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

በጭቃ የተያዘ ትራክተር ደግሞ ከዚህ የባሰ አደጋ አለበት። የኋላ ጎማዎች መዞር ሲሳናቸው ሞተሩ የትራክተሩን አካል ራሱን በአክስሉ ዙሪያ ወደ ኋላ ያዞረዋል። ፊቱ ከተነሣ በኋላ ትራክተሩ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊመለስ ከማይችልበት ነጥብ ይደርሳል፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ፋታ አያገኝም። ዝቅ ያለ መጎተቻ ፊቱ ሲነሣ አብሮ ወደ መሬት ስለሚወርድ የመገልበጡን ኃይል ይቀንሳል። ከአክስሉ በላይ የታሰረ ሰንሰለት ግን እንዲህ ያለ እርዳታ የለውም። ስለዚህ የተያዘ ተሳቢን ለማውጣት ሰንሰለት በላይኛው ክንድ ማሰሪያ ወይም በአክስሉ ላይ ማሰር ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን የልማት ሠራተኛው ለእያንዳንዱ ሾፌር ማስረዳት ይገባዋል።

የትኛው ይመረጥ?

ለባለአንድ አክስል ተሳቢ በሃይድሮሊክ የሚነሣው መንጠቆ ከሁሉም ይበልጣል። ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ሾፌሩም ሳይወርድ ተሳቢውን ሊያነሣ ስለሚችል በትራክተሩና በተሳቢው መካከል ሰው መቆም አያስፈልገውም። ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ የሚያጓጉዝ ከሆነ ይህን ገንዘብ ሌላ ቦታ ባይቆጥበው ይሻላል።

የተለመደው የመጎተቻ ዘንግ ሁለተኛው ምርጫ ነው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ38 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዘንጉ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ለባለአንድ አክስል ተሳቢ በሚፈቀደው አጭር ልክ መቆለፍ አለበት። ከኃይል ማስተላለፊያው ዘንግ ጋር የሚሠራ መሣሪያ ሲጎተት ግን ልኩ ሌላ ነው፤ በደቂቃ 540 ለሚዞረው ዘንግ ከጫፉ እስከ መጎተቻው ቀዳዳ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። በመሆኑም መሣሪያ ሲጎትት የዋለ ትራክተር ተሳቢ ከመጎተቱ በፊት ዘንጉ እንደገና መስተካከል አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

በአንዳንድ ትራክተሮች ጀርባ መሰላል በሚመስል ብረት ላይ ከፍና ዝቅ የሚል የመጎተቻ አፍ ይገኛል። ይህ ለባለሁለት አክስል ተሳቢ የተሠራ ነው። በሁለቱ የታችኛ ክንዶች መካከል የሚገባው ባለቀዳዳ ብረት ደግሞ ከአክስሉ ስለሚርቅና ከክንዶቹ ጋር ወደ ላይ ስለሚነሣ ለቀላል ጋሪ ካልሆነ በስተቀር አይመከርም።

ከመግዛት በፊት በትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ መጎተቻው ወደ ታች ሊሸከም የሚችለው ክብደት ተጽፎ ይገኛልና ከተሳቢው ጋር ይነጻጸር። የኋላ ጎማዎችም ይታሰቡ፤ በምሳሌያችን 600 ኪሎ ግራሙ በኋላ አክስል ላይ የሚጨምረው 820 ያህል ነው።

ፒኑ ከጠንካራ ብረት የተሠራና መቆለፊያ ያለው ይሁን። ተቆርጦ የገባ ፌሮ ፒን አይደለም፤ ይጎብጣል፣ በጉድጓድ መንገድም ዘሎ ይወጣል። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ኋላ ከተከመረ አንገቱ መጎተቻውን ወደ ላይ ስለሚያነሣ ፒኑም የኋላ ጎማዎቹም ይላላሉ፤ ስለዚህ ከባዱ ጆንያ ከአክስሉ ጥቂት ወደ ፊት ይጫን። ያለ ፍሬን የሚጎተት ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት ባይበልጥ ይመረጣል። 40 ኩንታሉ ተሳቢ ከ25 ኩንታሉ ትራክተር በስተኋላ ወደ ቁልቁለት የሚወርድ ከሆነ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ የትራክተሩ ሁለት የፍሬን መርገጫዎችም መንገድ ከመግባቱ በፊት እርስ በርስ ይቆለፉ።