ቴኳንዶ ከማን ወረደ?

ቅዳሜ ልጆቹን ቴኳንዶ ሳሠለጥን አንድ መሪጌታ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡና ጥግ ይዘው አዩን። ስንጨርስ ጠጋ ብለው «ለመሆኑ የዚህ ትምህርት መምህሩ ማን ነው? ከማን ወረደ?» አሉኝ።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። እዚህ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ዘንድ እንደተማረ ነው። ከአንዱ መምህር ተምሮ የሌላውን መንገድ ሊጨምርበት አኩፋዳውን አንግቦ የሚነሣም ሞልቷል። ስለዚህ ጥያቄያቸው ደስ አለኝ። «የኔታ፣ መምህሩ አንድ አይደለም» አልኳቸው። የነገርኳቸውን ለእናንተም ልጻፈው።

ስሙን ያወጡት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ናቸው። ልጅ ሳሉ የቁም ጽሕፈት መምህራቸው ቴክዮን የሚባለውን የኮሪያ የእርግጫ ጨዋታ እንዳስተማሯቸው ይናገሩ ነበር። ኋላ ለትምህርት ጃፓን ሄደው ካራቴ ተማሩ። ኮሪያ በ1937 ዓ.ም. ከ35 ዓመት የጃፓን ቅኝ ግዛት ስትወጣ ወታደሮቻቸውን ያሠለጠኑት ይህንኑ ይዘው ነው። ያኔ ታንግሱዶ ይሉት ነበር፤ ካራቴ ድሮ የተጻፈበት ፊደል በኮሪያኛ ሲነበብ ነው። ትናንት የገዛህን አገር ጥበብ በዚያው ስም ለሠራዊትህ ማስተማር ይከብዳል። ስለዚህ ሚያዝያ 3 ቀን 1947 ዓ.ም. ቴኳንዶ ተባለ፤ ቴ እግር፣ ኳን ቡጢ፣ ዶ መንገድ። ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የእኛ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ሲወርድ ስሙ ገና አልነበረም።

አንዳንድ አሠልጣኝ ለልጆች «የ2000 ዓመት የኮሪያ ጥበብ» ሲል ስሰማ ይከፋኛል። አቋቋሙና የእጅ መከላከሉ መሠረቱ ካራቴ ነው፤ የሚዞረውና የሚዘለው እርግጫ ኮሪያ ውስጥ ያደገ ነው። ካራቴን መካድ መምህርን መካድ ነው።

አምስቱን መርሆች ልጆቹ በቃላቸው ይወጧቸዋል፤ ትሕትና፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ራስን መግዛት ነው። የ10 ዓመት ልጅ ባለ በሌለ ኃይሉ የሰነዘረው ቡጢ የጓደኛው አፍንጫ ጋ ለመድረስ አንድ ጣት ሲቀረው ቀጥ ይላል። ጓደኛው ዓይኑን እንኳ አይጨፍንም። ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ተማሩ የምለው።

እኛ በምንሠራው፣ አይቲኤፍ በሚባለው የቴኳንዶ ስልት፣ 24 ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ድርድር፣ አለ። ጄኔራሉ የሰው ዕድሜ ከዘለዓለም ጋር ሲተያይ አንድ ቀን ነው ብለው በቀኑ ሰዓት ልክ አደረጓቸው። የመጀመሪያው ቾንጂ ነው፤ ሰማይና ምድር። 19 እንቅስቃሴ አለው፤ ወደ አራቱም አቅጣጫ ዞረህ ስትጨርስ የተነሣህበት ቦታ ላይ መገኘት አለብህ።

መሪጌታው ይኼን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸውን «እስቲ አሳይኝ» አሏት። በተረከዟ አፈሩን ጫር አድርጋ ጀመረች። ስትጨርስ ከጫረችው ሁለት ክንድ ያህል ርቃለች። ምልክቱን አየችው፤ ምንም ሳትናገር ተመልሳ ቆመችበትና በኮሪያኛ «ሃና» ብላ ከአንድ ጀመረች። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።