ከቁርጥራጭ ቆዳ የሚገኝ ጥቅም

በነጋዴ ቤት የሚያዘው መዝገብ የገባውንና የወጣውን ዕቃ ሁሉ ይቈጥራል፤ ነገር ግን ከጫማ ሠሪውና ከቦርሳ ሰፊው ጠረጴዛ ሥር ተጠርጎ የሚጣለውን ቁርጥራጭ ቆዳ የሚመዘግብ አምድ በብዙዎቻችን ደብተር አይገኝም። ይህ ጽሑፍ በፍስሐ ገነት፣ በይርጋ ጨፌና በዲላ ለምንገኝ ባለሱቆችና ነጋዴዎች ያን አምድ ለመክፈት የሚረዳ አሳብ ያቀርባል።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቆዳ በዓለም ገበያ የተመሰገነ ነው። የደጋው በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት ይፈለጋል፤ በወሎ በባቲ ስም የሚጠራው የፍየል ቆዳም እንዲሁ ስመ ጥር ነው። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ባልተለፋ ቆዳ ላይ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ክረስት በሚባለው ገና ባልተጠናቀቀ ቆዳ ላይ የ150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ ጣለ፤ ዓላማውም ቆዳው በሀገር ውስጥ ተሠርቶ እንዲወጣ ነበር። ታዲያ ቆዳው እዚህ ሲቈረጥ ቁርጥራጩም እዚሁ ይቀራል።

ለጀማሪ የሚስማሙት ሥራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው የቁልፍ መያዣ ነው፤ 12 ሳንቲ ሜትር በ3 የሆነ ቁራጭ በብረት ቀለበት ውስጥ አሳልፎ አጥፎ መስፋት ነው። ሁለተኛው የሳንቲም ቦርሳ ነው፤ 20 በ9 ከሆነው ቁራጭ 8 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ላይ ታጥፎ ሁለቱ ጎኖች ይሰፋሉ፤ የሚተርፈው 4 ሳንቲ ሜትር ክዳን ይሆናል። ሦስተኛው ከወፍራም ቁራጭ በክብ የሚቈረጥ የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው፤ ይህ ስፌት እንኳ አይፈልግም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቁርጥራጩ እንደ ውፍረቱ ይለያል። ልኩ በካርቶን ተቈርጦ በቆዳው ጀርባ ይሣላል። የሚገጣጠሙት ጠርዞች ጥቂት ማስቲሽ ተቀብተው ከተያያዙ በኋላ፣ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በየ4 ሚሊ ሜትሩ በወስፌ ይበሳል። በቆዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንምና በመስመር አስምሮ መብሳት ይገባል። ክሩ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ያህል ይሁን፤ ሰም ይቀባ፤ በሁለቱም ጫፉ መርፌ ይግባ። ሁለቱ መርፌዎች በየቀዳዳው ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። በዚህ ዐይነት የተሰፋ ዕቃ አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይይዘዋልና በቶሎ አይተረተርም።

ሁለት ነገር ግን አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። የመጀመሪያው፣ ቁርጥራጩን በማገዶ ምትክ ማንደድ አይገባም፤ የዛሬው ቆዳ አብዛኛው በክሮም የሚለፋ ስለ ሆነ ሲቃጠል ለጤና አደገኛ የሆነ የክሮም ዐይነት ሊፈጠር ይችላል። ሁለተኛው በተለይ እኛን የሚመለከት ነው፤ ቆዳና ማስቲሽ ከቡና ጋር በአንድ መጋዘን መቀመጥ የለባቸውም። ቡና የአካባቢውን ሽታ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ከቁርጥራጭ የሚገኘው ጥቂት ብር የቡናውን ጣዕም የሚያበላሽ ከሆነ ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ስለ ዋጋው ስሌት፣ ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከአንድ ሙሉ ስኩዌር ፊት 24 የቁልፍ መያዣ ሊቈረጥ ይችላል፤ ከቁርጥራጭ ግን ቅርጹ ስለማይስተካከል ያነሰ ይገኛል። ስለዚህ የአንዱ ዋጋ የክሩን፣ የቀለበቱንና ከሁሉም በላይ የሠሪውን ሰዓት መሸፈን አለበት። በሀገራችን የቆዳ ሠራተኛ እየተናቀ የኖረበት ዘመን ረዥም ነው፤ የሰዓቱን ዋጋ በትክክል መክፈል ያን በደል ከማረም ይቈጠራል።

በአካባቢያችን የቡና ለቀማው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ይከናወናል። ከዚያ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሥራ የሚፈቱ እጆች ብዙዎች ናቸው። የቡና ላኪዎችም ለውጭ ደንበኞቻቸው ናሙና ሲልኩ በእንሰት ቃጫ የታሰረ አንድ የቆዳ ቁልፍ መያዣ ቢጨምሩበት የሀገራቸው ማስታወሻ ይሆናል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ባለሱቅ አንድ ሣጥን አዘጋጅቶ፣ የገባውን ቁራጭና የተሸጠውን ዕቃ ለሦስት ወር ይመዝግብ። መዝገቡ ትርፍ ካሳየ ይቀጥል፤ ካላሳየም የጠፋው ገንዘብ ጥቂት ነውና ያለ ጸጸት ይተወው።