ከከተማ ጉድፍ መጣያ አጠገብ ስለሚታረሰው መሬት

ጉድፍ መሬትን እንደሚያወፍር ከአባቶቻችን የተማርነው እውነት ነው። የከብት እበትና የምድጃ ዐመድ፥ የጓዳውም ጥራጊ ከጓሮ ሲደፋ ጎመኑ ይፋፋል፥ በቆሎውም ያምራል። ስለዚህ ገበሬው ከከተማ ዳር የተከመረውን ጥቁር ዐፈር እንደ ሲሳይ ቢቈጥረው አያስነቅፈውም። ዳሩ ግን የዛሬ ከተማ ጥራጊ የድሮው የጓዳ ጥራጊ አይደለም። ያለቀ የመኪና ባትሪ፥ የተሰበረ አምፑል፥ የቀለም ጣሳ፥ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ፥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስብርባሪ ኹሉ በአንድነት ይጣልበታል። ከእነዚህም እርሳስ፥ ካድሚየም፥ ክሮሚየምና ባዜቃ የተባሉት ከባድ ማዕድናት ይወጣሉ። ቅጠልና እበት በስብሶ ዐፈር ይሆናል፤ ማዕድናቱ ግን አይበሰብሱም፥ እሳትም አያጠፋቸውም።

ወደ እርሻው የሚደርሱበት መንገድ እንዲህ ነው። ዝናሙ በክምሩ ውስጥ ሰርጎ ማዕድኑን እያሟሟ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ወደ ፈፋው፥ ከፈፋውም ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ በወንዙም ውኃ አትክልት ይጠጣል። በበጋ ደግሞ ነፋሱ ትቢያውን፥ ጢሱም ዐመዱን ተሸክሞ በአቅራቢያው ማሳ ላይ ያራግፈዋል።

ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በአዲስ አበባ በረጲ በኩል ያለው፥ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው መጣያ፥ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱበት። ያ ጥፋት በአንድ ቀን ስለ ደረሰ ታየ፥ ተለቀሰለትም፤ በዐፈር ውስጥ የተሰወረው ጥፋት ግን ድምፅ የለውም። የመጣያውን ዐፈር የመረመሩ ሊቃውንት ከባድ ማዕድናትን አግኝተውበታል። የፋብሪካም የመንደርም ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ዳር ከሚለማው አትክልት ውስጥም እንዲሁ ተገኝቷል።

ሰላጣና ቆስጣ ካድሚየምን በሥሮቻቸው ስበው በቅጠላቸው ያከማቹታል። ቅጠሉ ለምለም እንደ ሆነ ስለሚቈይ ሸማቹ በዓይኑ ሊለየው አይችልም፤ ቢያጥበውም አይለቅም። ካድሚየም በሰው ኵላሊት ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። እርሳስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ዐፈር ይቀራል፤ ከትቢያ ጋራ በአፍ ሲገባ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ችላ ማለት ምን እንደሚያደርስ የጃፓን አገር ታሪክ ያስረዳል። በጂንዙ ወንዝ ዳር ከማዕድን ማውጫ የወረደው ካድሚየም የሩዝ ማሳውን መርዞ የገበሬዎቹን አጥንት እስኪሰበር ድረስ አድክሞ ነበር። መንግሥቱ የበሽታውን ምክንያት በ1960 ዓ.ም. ያስታወቀው ሕዝቡ ለብዙ ዘመን ከተሠቃየ በኋላ ነው።

እንግዲህ አገር የምታስተዳድሩና መሬት የያዛችሁ ክቡራን የሚከተለውን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን።

1ኛ፤ አዲስ መጣያ ሲመረጥ ከወንዝ፥ ከምንጭና ከመስኖ በላይ አይሁን። ፈፋ ለእርሻ አይረባም ተብሎ መመረጡም ስሕተት ነው፤ ፈፋ የውኃ መንገድ ነውና።

2ኛ፤ ባትሪ ከሌላው ጥራጊ ተለይቶ ይሰብሰብ፤ ከመኪና ባትሪ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነውና።

3ኛ፤ ከመጣያ የተዛቀ ዐፈር ለማዳበሪያ ወደ ማሳ አይጋዝ።

4ኛ፤ በመጣያ አጠገብ የሚታረስ መሬት ዐፈሩ ይመርመር። እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ከብዙ ስፍራ ጥቂት ጥቂት ተወስዶ ይቀላቀል፤ ለማነጻጸሪያም ከመጣያው በላይ፥ ራቅ ካለ ቦታ ሌላ ይወሰድ። መቈፈሪያው ዝገትና ቀለም የሌለበት ይሁን።

5ኛ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ሰላጣ፥ ቆስጣና ጎመን አይተከልበት፤ ለአጥርና ለቤት ሥራ የሚሆን ዛፍ ይሻላል። በኮምጣጣ ዐፈር ላይ ካድሚየም ወደ ተክል በብዛት ስለሚገባ ኖራ መጨመር ይረዳል፤ ሆኖም ኖራ ማዕድኑን ያስረዋል እንጂ ከመሬቱ አያወጣውም።

አትክልተኛውን ግን «አትትከል» ብሎ ብቻ ማሰናበት አይገባም። እንጀራው ከዚያ ነውና ምትክ መሬት ይፈለግለት። አለዚያ ሌሊት ተክሎ ማለዳ ወደ ገበያ ያወጣዋል፤ ቅጠሉም ዞሮ በእኛው ማዕድ ላይ ይቀርባል።