የወደቀችው «ለ»

ባርሴሎና የተከራየሁበት ሕንፃ ደረጃ ላይ፣ ሁለት ዓመት ያለፋት የጎረቤት ልጅ ኳሷ ተንከባልላ እግሬ ሥር ቆመች። እጇን ዘርግታ «ቡይ!» አለችኝ፤ «እፈልጋለሁ» ማለቷ ነው። እናቷ «ለ ቡይ» ብላ አረመቻት፤ «እፈልጋታለሁ» በይ እንደማለት። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ «ስፓኒሽ ተቀላቅሎባት እኮ ነው» አለች።

ይህን ሰበብ ከስንት ወላጅ ሰምቻለሁ! ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ካታላንኛ ከግስ ተለይተው የማይነገሩ ትንንሽ ተውላጠ ስሞች አሉት፤ «አየኋት» ውስጥ ያለችውን «ት» ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደሉም። ሰዋስው «ደካማ» ይላቸዋል። ስሙን አልወደውም፤ ድምፃቸው አይጠብቅ እንጂ ሥራቸው ከባድ ነው። «እኔን» የሚለው ብቻ አራት መልክ አለው፦ «ኧም ሚረ» (ያየኛል)፣ «መስቲመ» (ይወደኛል)፣ «ዶነም» (ስጠኝ)፣ «ሚራርመ» (እኔን ማየት)።

የቋንቋ ተመራማሪዎቹ አና ጋቫሮ፣ ቪሴንስ ቶሬንስና ኬኔት ዌክስለር ልጆችን በጨዋታ ፈተኑ። አንድ ነገር ሲደረግ ያሳዩና «ምን አደረገው?» ብለው ይጠይቃሉ። የካታላንኛ ልጆች በሁለት ዓመታቸው ተውላጠ ስሙን ደጋግመው ጣሉት። ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ እኩዮቻቸው ግን አልጣሉትም ማለት ይቻላል። ታዲያ ስፓኒሽ በምን ዕዳው ይወቀሳል?

የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ከቋንቋው አሠራር ይነሳል። ካታላንኛ «አይቻታለሁ» ሲል «ሌ ቢስተ» ነው፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ድምፅ ግሱም ከ«እሷ» ጋር በጾታ መስማማቱን ታሳያለች። ለወንድ «ሌ ቢስት» ይሆናል። በስፓኒሽ ግን ለሴትም ለወንድም «ቪስቶ» ነው፣ አይለወጥም። ተውላጠ ስሙ ከቦታውም ከዚህ ስምምነትም ጋር ስለሚተሳሰር፣ ትንሽ ልጅ ሁለቱን ትስስር ባንዴ መያዝ ይከብዳትና ተውላጠ ስሙን ትጥለዋለች ይላሉ።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ልጆቹ ተውላጠ ስሙን ባልጣሉበት ጊዜ ቦታውን አይስቱም። ከተራ ግስ በፊት «ለ ቡይ»፣ ከትእዛዝ በኋላ «ኧጋፈለ» (ያዛት) ይላሉ፤ «ቡይ ለ» የምትል ሕፃን አልገጠመችኝም። የምትጥለውን ቃል ቦታ ታውቃለች ማለት ነው! «አፏን አልፈታችም» የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ብለው ቢያዳምጡ ደስ ይለኛል።

የስፓኒሽ ጫና መፈለግ ያለበት አዋቂዎቹ ዘንድ ነው። «ስንት አለህ?» ሲባል እኛ «ሦስት አለኝ» ብለን እናልፋለን፤ ስፓኒሽም እንደዚሁ። ካታላንኛ ግን «ኧን ቲንክ ትሬስ» ይላል፤ «ኧን» «ከእነሱ» እንደማለት ናት። አርባ ዓመት የሞላው ሰው እሷን ሲውጥ ማንም አያርመው፣ ሕፃኗ ግን በየደረጃው ትታረማለች።

በቀጣዩ ዓመት ኳሷ እንደገና እኔ ዘንድ መጣች። «ዶነመለ!» አለችኝ ልጅቱ፤ «ለእኔ»ንም «እሷን»ም በአንድ ግስ ላይ ደርባ። የአማርኛ ግስ ሁለቱን ባንዴ አይሸከምም። እኔ ብሆን «ኳሷን ስጠኝ» ማለት ነበረብኝ።