የመርጫው ሰዓት

ሱሉልታ ሜዳ ላይ በክረምት ፀረ አረም የሚረጭ ገበሬ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት መርጫውን አያዝልም። ጤዛው ካልረገፈ መድኃኒቱ ከቅጠሉ ላይ ተንሸራቶ መሬት ይወርድበታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ መጥቶ ያጥብበታል። የቀረችው ረፋዷ ብቻ ናት። በዚያ ብርዳም ደጋ ንብም ፀሐይ ሳትሞቅ ከቀፎዋ አትወጣም። ሁለቱ የሚገናኙት በዚችው ረፋድ ነው።

እኔ ቡራዩ ውስጥ፣ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም ሳልርቅ፣ ዘመናዊ ቀፎ አቁሜ የምኖር ንብ አናቢ ነኝ። ስለ ንብ ማለቅ በተወራ ቁጥር ገበሬው እንደ ጥፋተኛ ሲቆጠር እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ገበሬው ሰዓቱን የመረጠው በበቂ ምክንያት ነው። የጎደለው፣ በዚያ ሰዓት ማሳው ላይ ሌላ ማን እንደሚውል የሚነግረው ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ውስጥ ቀፎዎቼ ደጃፍ የሞተ ንብ ተከምሮ አገኘሁ። ዕድሜዋ ያበቃ ሠራተኛ ንብ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ ስለምትቀር እንዲህ ስትከመር አትታይም። መርዝ የነካት ግን ያስታውቃል፤ ምላሷ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይቀራል፣ ክንፏ ይንቀጠቀጣል፣ በጀርባዋ ተገልብጣ ትሽከረከራለች፣ በር ጠባቂዎቹም ወደ ውስጥ አያስገቧትም። አንዳንዶቹ እግራቸው ላይ የባቄላ አበባ ዱቄት እንደያዙ ነበር የሞቱት። የዱቄቱ ግራጫ ቀለም ወደ ጎረቤቴ ማሳ መራኝ።

«ጋሼ፣ ክሽክሹ ባቄላውን ሊጨርሰው ነበር እኮ። ሻጩም ቶሎ ርጨው አለኝ። ንቦችዎ እዚህ ድረስ እንደሚመጡ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ከልቡ ማዘኑ ይታይ ነበር። ንብ ለቀሰም 3 ኪሎ ሜትር መሄድ ምንም እንደማይመስላት፣ ባቄላውም ንብ ሲጎበኘው የበለጠ ፍሬ እንደሚቋጥር ነገርኩት። ኑግ ቢዘራማ ኖሮ ነገሩ ይብስ ነበር፤ ኑግ በራሱ ዱቄት ፍሬ ስለማይዝ ንብና ሌሎች ነፍሳት ካልደረሱለት ማሳው ሙሉ አበባ ሆኖ ምርቱ ያንሳል።

ከዚያ ወዲህ ተስማምተናል። ሊረጭ ሲያስብ በዋዜማው ልጁን ይልክብኛል። ፀረ ነፍሳቱን የሚረጨው ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ መስከረም አጋማሽ ካለፈ ዝናቡ ስለሚቀንስ ይቻላል። መድኃኒቱ ሌሊቱን ደርቆ ሲያድር የጧቱን ንብ የሚያገኛት ጉዳት ይቀንሳል። ይህ ግን ለሁሉም መድኃኒት አይሠራም፤ ቅጠልና አበባ ላይ ለቀናት የሚቆይ አለና አበባ የያዘ ማሳ ላይ ጨርሶ ባይረጭ ይሻላል። ዱቄት የሆነው ደግሞ ከፈሳሹ ይከፋል፤ ንቧ ከአበባው ዱቄት ጋር ጠቅልላ ቀፎ ታስገባውና እጩን ሁሉ ይጨርሳል። ፀረ ፈንገስና ፀረ ነፍሳትን በአንድ መርጫ መቀላቀልም ብዙ ገበሬ ድካም ለመቀነስ የሚያደርገው ነው። አንዳንዶቹ ሲገናኙ መርዝነታቸው በንብ ላይ ይበረታል። እኔም በበኩሌ በዋዜማው ሲነገረኝ የቀፎውን በር በእርጥብ ጆንያ እሸፍናለሁ፤ ግን ረፋዱን ብቻ ነው፣ ፀሐይ ከበረታ ታፍነው ያልቃሉ።

የፀረ አረሙ ነገር ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ንብን ወዲያው አይገድልም፤ ምግቧን ነው የሚያጠፋባት። ለገበሬው አረም የሆነው መጭ፣ ማገጥና አዴይ አበባ ለንብ የጥቅምት ማር ነው። ማሳውን ማረም ግዴታው ነው፤ ድንበሩንና የውሃ መውረጃውን ዳር ግን ባይረጭ የሚጎድልበት ነገር የለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉም ሆነ ከዚያ በፊት ቤት እየተሠራ ሜዳው እየጠበበ ነው የመጣው፤ የቀረችው የማሳ ዳርቻ ዋጋዋ ከፍ ብሏል።

ጉዳቱ ንብ ላይ ብቻ አይቆምም። ዝዋይ ሐይቅ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዲዲቲ ቅሪት ዓሣው ውስጥና ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሰውነት ውስጥ አግኝተዋል። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከሆለታ ወዲያ አዲስ ዓለም አጠገብ ያለው የበርጋ ረግረግ በዓለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ፣ ባለ ነጭ ክንፏ ፍላፍቴይል፣ በክረምት እንቁላሏን የምትጥልበት ቦታ ነው። በክረምት ከማሳ ታጥቦ የሚወርድ ሁሉ ማረፊያው እንዲህ ያለ ረግረግ ነው። መርጫን ወንዝ ውስጥ ማጠብ የለብንም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ሲያጥለቀልቅ እኛ በአብዛኛው የኬሚካል መድኃኒት ስንረጭ፣ ጎረቤታችን ሶማሊያ አንበጣን ለይቶ የሚያጠቃ ሜታራይዚየም የሚባል ፈንገስ በሰፊው ተጠቅማለች። እዚሁ አገራችንም የጽጌረዳ እርሻዎች ቅጠል የሚመጠውን ቀይ ሸረሪት በመርዝ ከማሳደድ ይልቅ እሱን የሚበላ ሌላ ጥቃቅን ፍጡር እየለቀቁ መከላከል ጀምረዋል። እነሱ ባለሙያ ይቀጥራሉ፤ የእኔ ጎረቤት ያለው አማካሪ መድኃኒቱን የሸጠለት ሰው ነው።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ንብንም የሚመለከት የራሱ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 660። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ቡራዩ ገበያ ላይ መድኃኒቱ በትንንሽ ፕላስቲክ ተቀድቶ ሲሸጥ ጽሑፉ ዋናው ጠርሙስ ላይ ይቀራል፤ ጠርሙሱ ለገበሬው ቢሰጠውም በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ማን ያነብለታል? የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ ይህን መቀዳዳት ያስቁም። ቀጥሎም እያንዳንዱ ሻጭ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሁለት መስመር ጽፎ እንዲለጥፍ ያስገድድ፤ አበባ ላይ አትርጭ፣ ለንብ አናቢ ጎረቤትህ በዋዜማው ንገር። በየቀበሌው ቀፎ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የልማት ሠራተኞቹ ያውቃሉ፤ ያንን መዝገብ ከመስከረም በፊት ለባቄላ አምራቾቹ ማንበብ አንድ የእድር ስብሰባ ይበቃዋል።