ቶርኖ ቤት የሚተወው ትርፍ

በጎጃም ደጋ አንድ ወፍጮ ቤት ሲቆም የሚቆመው ሞተሩ ብቻ አይደለም። እህሏን በአህያ ጭና የመጣች እናት ሌላ ወፍጮ ፍለጋ መንገድ ትቀጥላለች፤ የቤቱ እንጀራም በዚያው ልክ ይዘገያል። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ደግሞ ትልቅ ነገር አይደለም። ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) የሚያርፍበት የዘንጉ ቦታ ተበልቷል። ባለወፍጮው ዘንጉን ይዞ ደብረ ማርቆስ ቶርኖ ቤት ይገባል፤ ባለሙያው አዲስ ዘንግ ከመላጡ በፊትም አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ከስንት ሚሊሜትር ብረት ልጀምር?

የዚህ ጥያቄ መልስ በሙያው ትምህርት ማሽኒንግ አላዋንስ ይባላል፤ እዚህ በአጭሩ ትርፍ እንበለው። ትርፍ ማለት ተላጦ እንዲወገድ ሆን ተብሎ በሥራው ላይ የሚተው ውፍረት ነው። በእጅ በሚዞር ቶርኖም ሆነ በኮምፒውተር በሚታዘዝ የሲኤንሲ ማሽን፣ የዕቃው ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ይህ ውፍረት በታሰበበት መጠን ነው።

ምሳሌያችን ቁጥሩ 6208 የሆነ ኩሽኔታ ይሁን። የውስጥ ቀዳዳው 40 ሚሊሜትር ነው። ለእንዲህ ዓይነት ኩሽኔታ ከሚመረጡት የዘንግ ልኬቶች አንዱ ኬ6 የሚባለው ሲሆን፣ ዘንጉ ከ40.002 እስከ 40.018 ሚሊሜትር ባለው መካከል እንዲያርፍ ያዛል። የተፈቀደው ክልል 16 ማይክሮን ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ዘንጉ ከዚህ ከቀጠነ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት በላዩ ላይ እየዞረ ይበላዋል። ከዚህ ከወፈረ ደግሞ ኩሽኔታው ይጨናነቃል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል።

ታዲያ ለምን 40 ሚሊሜትር ብረት ተገዝቶ በዚያው አይሠራም? በግለት ተዳምጦ የወጣ ብረት ላዩ ጥቁር ቅርፊት አለው። ከቅርፊቱ ሥር ካርቦኑ በእሳት የተቀነሰበት ለስላሳ ሽፋን ይገኛል። ብረቱ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ርዝመቱን ይዞም ትንሽ ይጎብጣል። ንጹሑና ቀጥ ያለው ዘንግ ያለው በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለሆነ፣ እሱን ለማውጣት ከላይ የሚነሳ ብረት ያስፈልጋል።

መጠኑን በግምት ብቻ መተው የለብንም። የሶቪየቱ የማሽን ሥራ ምሁር ኮቫን ትርፍን በስሌት የሚያወጣ ዘዴ ትቶልናል። ዘዴው አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ያለፈው ሥራ የተወው ሻካራነት፣ ከሥሩ ያለው የተጎዳ ሽፋን፣ የቅርጹ መጉበጥና መዛነፍ፣ አሁን ሲታሰር የሚፈጠረው ስህተት። የሚቀጥለው ሥራ እነዚህን የሚሸፍን ብረት ማግኘት አለበት። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከመነሻው የብረታ ብረት ቴክኖሎጂን ሲያስተምር ስለነበር፣ ሥራን በደረጃ ከፍሎ የማሰብ ይህ ሙያ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም።

በዘንጋችን ላይ እናስላው። ብረቱ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ጎብጧል እንበል፤ ይህ በየጎኑ 0.5፣ በዲያሜትሩ ግን 1 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ለቅርፊቱና ለለስላሳው ሽፋን ሌላ 1 ሚሊሜትር፣ ለማሰሪያው ስህተት 0.5፣ ለመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቁርጦች 1 ሚሊሜትር እንተው። ድምሩ 3.5 ስለሆነ መነሻችን ከ43.5 ማነስ የለበትም፤ ገበያ ላይ የምናገኘውም 45 ነው። በጎንና በዲያሜትር መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይሏል፤ ጀማሪዎች ብዙ ዕቃ የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው። ለቀዳዳ ሥራ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ቀዳዳው ጠብቦ ይጀመርና ወደ ልኩ ይሰፋል።

ይህ 5 ሚሊሜትር በአንድ ጊዜ አይነሳም። የጎጃም ገበሬ ጤፉን በግመሳ ላይ እንደማይዘራው ሁሉ፣ ጥሩ ባለሙያም የመጨረሻውን ልክ ከመጀመሪያው ሻካራ ቁርጥ አይጠብቅም። ከ45 ወደ 41 በወፍራሙ ይላጣል፤ ከ41 ወደ 40.4 ይስተካከላል፤ የቀረው 0.4 ለመጨረሻው ቁርጥ ይቆያል። ወፍራሙ ቁርጥ ዘንጉን ያግለዋል፣ በስለቱ ግፊትም ያጎብጠዋል። ብረቱ ሲዳመጥ ውስጡ ታምቆ የነበረው ውጥረትም ላዩ ሲነሳ ይለቀቅና ዘንጉን ያጣምመዋል። ይህን ሁሉ የሚያርመው የሚቀጥለው ደረጃ ነው፤ ለማረም ግን የሚነሳ ብረት ሊያገኝ ይገባል።

ትርፉ ሲያንስ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። በአንድ ጎን ጥቁር ቅርፊት ይቀራል፣ ዘንጉም ይጣላል። ለመጨረሻው ቁርጥ የተተወው በጣም ሲቀጥን ደግሞ ስለቱ መቁረጡን ትቶ ብረቱን ያሻል፤ ላዩ ይበላሻል፣ ስለቱም ቶሎ ይዶለዱማል። ሲበዛም ኪሳራ ነው። 45 ሚሊሜትር ብረት በሜትር 12.5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 50 ሚሊሜትሩ 15.4 ኪሎ፤ የተጠናቀቀው 40 ሚሊሜትር ዘንግ 9.9 ኪሎ። በ45 ፈንታ 50 የመረጠ ሰው ፍቅፋቂ የሚያደርገው ብረት ከእጥፍ ይበልጣል። ከውጭ መጥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደብረ ማርቆስ የደረሰ ብረት በዚህ መንገድ ሲባክን ያሳዝናል።

በአገራችን ቶርኖ ቤቶች አዲስ ዘንግ ከመሥራት ይልቅ የተበላውን በብየዳ ሞልቶ መላጥ የተለመደ ነው። እዚህም ሕጉ ያው ነው። የሚለካው የብየዳው ጉብታ ሳይሆን በመስመሮቹ መካከል ያለው ዝቅተኛው ቦይ ነው። ቦዩ ከመጨረሻው ልክ በላይ ካልሆነ፣ ዘንጉ ተላጦ ሲያልቅ ኩሽኔታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቁር ጉድጓዶች ይቀራሉ። የብየዳው ሙቀት ዘንጉን እንደሚያጣምመውም መታሰብ አለበት።

የሲኤንሲ ማሽን ወደዚህ ሥራ ሲገባ ትርፍ በግልጽ የሚጻፍ ትእዛዝ ይሆናል። የዚህ ቴክኖሎጂ ታሪክ የሚነሳው የሄሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽን በትክክል ለመሥራት መንገድ ሲፈልግ ከነበረው አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ ነው፤ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች በቁጥር የሚታዘዘውን የመጀመሪያ ማሽን በ1952 እ.ኤ.አ. አሳዩ። ዛሬ ፋኑክ በሚባለው መቆጣጠሪያ ለሚሠራ ቶርኖ ጂ71 የሚለው ትእዛዝ ወፍራሙን መላጥ ያሠራል። በውስጡ ዩ የሚለው ፊደል በዲያሜትሩ ላይ የሚቀረውን፣ ደብሊዩ ደግሞ በርዝመቱ የሚቀረውን ትርፍ ይነግረዋል። ከዚያ ጂ70 መጥቶ የተተወውን ያነሳል። ማሽኑ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ብረቱ ጎብጦ እንደሆነ አይጠይቅም። የልምድ ባለቤት የሆነው ቶርኖ ሠሪ በጆሮውና በእጁ የሚያውቀውን፣ ሲኤንሲ የሚያገኘው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው አስቀድሞ ካሰበለት ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ትርፍ ለመለካት ዕድል ይሰጣል። ዘንጉ 40.4 ላይ ይቆማል፣ ይቀዘቅዛል፣ በማይክሮሜትር ይለካል። ልኬቱ 40.43 ከሆነ ልዩነቱ በማሽኑ የስለት ማስተካከያ ውስጥ ይገባና የመጨረሻው ቁርጥ ተስተካክሎ ይሄዳል። መቀዝቀዙ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 40 ሚሊሜትር የብረት ዘንግ 50 ዲግሪ ላይ ሳለ ቢለካ 14 ማይክሮን ያህል ወፍሮ ይታያል፤ ይህ ከተፈቀደልን 16 ማይክሮን ጥቂት ነው የሚያንሰው። በትኩሱ 40.010 ተብሎ የተመሰገነ ዘንግ ሲበርድ ከ40 በታች ይወርዳል።

ትርፍ አንዱን ባለሙያ ከሌላው ጋር ያስተሳስራል። ቀድሞ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ይባል እንደነበረው የአቃቂ ፋብሪካ ብረት እየቀለጠ በሚፈስበትና በማሽን በሚላጥበት ቤት፣ ሞዴሉን የሚሠራው ሰው የብረቱን መኮማተርና የሚላጠውን ውፍረት ለየብቻ መጨመር አለበት። ፈሶ የተሠራ ብረት ላዩ ጠንካራና አሸዋ የያዘ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቁርጥ ከዚያ ሽፋን ሥር መግባት ይኖርበታል። በካርቦን ላዩ ብቻ የሚጠነክር የማርሽ ጥርስ ደግሞ ጠንካራ ሽፋኑ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል። ለመሞረድ በየጎኑ 0.6 ከተተወለት፣ የተደከመበት ጥንካሬ ከግማሽ በላይ ሞረዱ ሥር ያልቃል።

ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ሆነ በዩኒቨርሲቲው የሜካኒካል ምህንድስና ክፍል የሚማር ወጣት ፊደሎቹንና ትእዛዞቹን ከማጥናቱ በፊት አንድ ልማድ ቢያዳብር እመኛለሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ መነሻ ልኩን፣ የየደረጃውን ትርፍ፣ የሚለካበትን ቦታ በወረቀት ይጻፍ፤ ሥራው ሲያልቅ የተሳካውንና ያልተሳካውን አጠገቡ ያስፍር። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲጠራቀም በአንድ አዛውንት ቶርኖ ሠሪ እጅ ብቻ የነበረ ዕውቀት የሁሉም ይሆናል። ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ ስንት ብረት፣ ለማን፣ ለምን እንደሚተው ማወቅ ግን እዚሁ፣ በራሳችን ሥራ ላይ የሚገነባ ሀብት ነው።