ልውጡ ዝርያ ደጎሎ ሲደርስ

አዲስ የኮሮና ቫይረስ ዝርያ ተገኘ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «እኛ አገር ገብቷል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚጠበቅ ቢሆንም ዜናው ቀድሞ ቫይረሱ የሚከተል ያስመስላል። ዝርያው ግን አስቀድሞ ይዛመታል፤ ከዚያ አንድ ላቦራቶሪ ያየዋል፤ ስም የሚወጣለት ከሁሉም በኋላ ነው። በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በጃማ ወረዳ ደጎሎ ወይም በቦረናው መካነ ሰላም የሚኖር ሰው የዝርያውን ስም በሬዲዮ በሚሰማበት ሳምንት ቫይረሱ ገና አዲስ አበባ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ገበያው መካከል ገብቶም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለይ ምርመራ በአካባቢው ከሌለ ማንም አያውቅም። በእንዲህ ያለ ደጋ ስለ ልውጥ ዝርያ ስናስብ ዋናው ቁም ነገር ይኸ ይመስለኛል፤ ወረርሽኝ አልደረሰባቸውም የሚባሉ ብዙ ቦታዎች የደረሰባቸውን የሚቆጥርላቸው ያጡ ናቸው።

ዝርያ የሚባለው ምን እንደሆነ እንይ። ኮሮና ቫይረስ ራሱን የሚያባዛበት መመሪያ ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ የኬሚካል ፊደላት የተጻፈ ነው። ሰው ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ይህንኑ መመሪያ ደጋግሞ ያስገለብጣል። ብራና ላይ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አልፎ አልፎ ፊደል እንደሚስት፣ ግድፈቱም ከዚያ መጽሐፍ በሚገለበጡት ሁሉ እየተላለፈ እንደሚሄድ፣ የቫይረሱም ግልበጣ ይሳሳታል። ኮሮና ቫይረስ ስሕተቱን በከፊል የሚያርምበት የራሱ መሣሪያ ስላለው ከኢንፍሉዌንዛ ይልቅ ዝግ ብሎ ይለወጣል፤ በአንድ የመተላለፍ ሰንሰለት ላይ በአማካይ በወር ሁለት ፊደል ያህል። አብዛኛው ለውጥ ምንም አያመጣም፣ ወይም ቫይረሱን ያዳክመዋል። ጥቂቱ ግን ቫይረሱ የሰውን ሕዋስ የሚይዝበት ሹል ፕሮቲን ላይ ያርፍና ወይ አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል፣ ወይ ቀድሞ ታሞ የዳነ ሰው ሰውነት እንዳይለየው ይሸፍነዋል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የታየው አልፋ፣ ቀጥሎ ሕንድ ውስጥ የታየው ዴልታ፣ በኋላም በሹሉ ፕሮቲን ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ይዞ በደቡባዊ አፍሪካ የተገኘው ኦሚክሮን እንዲህ የመጡ ናቸው።

አንዱ ዝርያ ሌላውን እንዴት እንደሚተካ ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። ከመቶ ታማሚዎች 99ኙ የቀድሞውን ዝርያ፣ አንዱ ብቻ አዲሱን ይዟል እንበል። አዲሱ የመተላለፍ አቅሙ ከቀድሞው በግማሽ ይበልጣል፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሚቀጥለው ለማለፍ ደግሞ ሁለቱም አምስት አምስት ቀን ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ በየአምስት ቀኑ አዲሱ ከቀድሞው አንጻር አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። በወሩ ከአሥር ታማሚ አንዱ ገደማ አዲሱን ይዟል፤ በሁለት ወሩ እኩል ለእኩል ይሆናሉ፤ በሦስት ወሩ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው የአዲሱ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው የመጀመሪያው ወር ነው። በዚያ ወር የታማሚው ጠቅላላ ቁጥር እንደ ወትሮው ይመስላል፤ ሐኪሙም በምልክት ብቻ ልዩነቱን አያይም፤ ነገሩ ግን ተወስኗል። ኦሚክሮንማ ከዚህም የፈጠነ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የታማሚው ቁጥር በሁለት በሦስት ቀን እጥፍ ይሆን ነበር።

በዚያ ወር ዝርያውን ማየት የሚቻለው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ምልክቱ አስገራሚ በሆነ መንገድ ይመጣል። የቫይረሱን መመሪያ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች እየፈለገ የሚመረምር የፒሲአር ኪት አለ። ናሙናው ውስጥ ቫይረሱ ካለ ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመሮች እየጎበጡ ወደ ላይ ይነሣሉ። አልፋ ሲመጣ ሁለቱ ተነሥተው ሦስተኛው፣ የሹሉን ፕሮቲን ዘረመል የሚፈልገው፣ ከታች ተኝቶ ቀረ፤ ኪቱ ከሚፈልገው ቦታ ላይ ስድስት ፊደላት ጠፍተው ነበርና። ዴልታ ሲተካው ሦስቱም እንደገና ተነሡ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሦስተኛው መስመር በድንገት ዳግም መተኛት ጀመረ፤ ባለሙያዎቹም ናሙናዎቹን ወስደው ሙሉ መመሪያቸውን አነበቡ። ግኝታቸውን ኅዳር 15 ቀን አሳወቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 17 ቀን ኦሚክሮን ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች የተወሰዱት ግን ከማሳወቂያው ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ነበር። ንቁ ላቦራቶሪ ባለበት አገር እንኳ ቫይረሱ ሁለት ሳምንት ቀድሟል።

የፊደል ለውጡ ግን ብቻውን የትም አያደርስም፤ ቫይረሱን የሚያጓጉዘው የሰው ኑሮ ነው። ኮቪድን ሁሉም ሕሙማን እኩል አያስተላልፉትም። ብዙዎቹ ለማንም አያስተላልፉም፤ ጥቂቶች ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰው ያድላሉ። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያመጣው ክፍሉ ነው፦ የተዘጋ፣ ሰው የበዛበት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ የሚነገርበት ወይም የሚዜምበት። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ቁሩ ስለሚበረታ የቤቱ መስኮት ጠባብ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም፤ ማታ በር ተዘግቶ ቤተሰብ እሳት ዳር ይሰበሰባል። ወዳጃ የሚባለው የጋራ ዱዓ ሲደረግ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ዱዓው ለሰዓታት ይዘልቃል፤ አሚን የሚለው ድምፅ ቤቱን ይሞላዋል። ክርስቲያኑም በማኅበርና በዝክር ጠባብ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል። ለቅሶ ሲሆን ሁለቱም ሃይማኖት አንድ ድንኳን ይገባል። ይህ ሁሉ የወሎ ሰው አብሮ የኖረበት ውበቱ ነውና ማንም ይቅር እንዲል አልፈልግም። ስለ ቫይረሱ መንገድ ስንነጋገር ግን ከኤርፖርቱ ይልቅ ይህን ቤት ማሰብ አለብን። ከአዲስ አበባ በዓለም ከተማ በኩል ወይም ከደሴ በአቀስታ በኩል በሚመጣ መኪና ተጭኖ የመጣ አንድ በሽተኛ ወይ ለማንም ሳያስተላልፍ ይድናል፣ ወይ ባረፈበት ማታ ወረርሽኙን ይጀምረዋል።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የተነገረለት፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የጃፓን ዜጋ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2013 ዓ.ም. የበልግ ወራት የአልፋ፣ በዚያው ዓመት ክረምት መጨረሻ የዴልታ፣ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ የኦሚክሮን ማዕበሎች መጡ። ለወሎ የመጨረሻው የተለየ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በህወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው ነበር፤ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን፣ ኦሚክሮን በተሰየመ በአሥረኛው ቀን ነው። የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ተፈናቃይ በትምህርት ቤትና በዘመድ ቤት ታጭቆ ከርሞ ወደ ቀዬው በሚመለስበት፣ ለገና ከውጭ አገር የተጠራው ወገን በሚገባበት በዚያው ወር፣ በአገር ደረጃ በአንድ ቀን ከ5 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ከዚያ ቁጥር ውስጥ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ገጠር ምን ያህል ድርሻ ሊኖረው ይችላል? መመርመሪያው በተዘረፈበት ዞን በሽታው ቢኖርም ቁጥር አይኖርም።

«ታዲያ ሰዉ ሲረግፍ ለምን አላየንም?» የሚል አለ፤ ከባድ ጥያቄ ነውና በቀላሉ መታለፍ የለበትም። የመጀመሪያው መልስ በጅማና በአዲስ አበባ ከተካሄደ የደም ጥናት ይመጣል። ጥናቱ ሰውነት ቫይረሱን ሲከላከል የሚያመርተውን ፀረ አካል ፈልጎ፣ በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ማኅበረሰቦች በኅዳር 2013 ዓ.ም. 18 በመቶው፣ በመጋቢት ደግሞ 31 በመቶው ቀድሞ እንደተያዘ አገኘ። በዚያ ጊዜ በመላው አገሪቱ በምርመራ የተረጋገጠው ታማሚ 200 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከሕዝቡ አንጻር ከሺህ ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም። ጅማ ወሎ አይደለም፤ የገጠሩ ኑሮ ግን ከዚህኛው ያን ያህል አይርቅም፤ ገጠሩ ድኗል የሚለው ግምት በዚህ ማስረጃ ፊት አይቆምም። ሁለተኛው መልስ ዕድሜ ነው። ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ የሞተው ከአውሮፓ አንጻር ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ወጣቱ ግን ቫይረሱን ያሳልፋል፤ ያ ቫይረስ ደጎሎ ላይ የሚያገኛቸው አያቶች በዕድሜያቸውም በሳንባቸውም ከሌላ አገር አያቶች የተለዩ አይደሉም። በጭስ ቤት ሲኖሩ የኖሩ እናቶች ሳንባ እንዲያውም ተጎድቷል። እቤታቸው አርፈው «በብርድ» ወይም «በምች» ሞቱ የተባሉት በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኙም።

የደጋው አየርና ከፍታ ይጠብቀናል የሚለውም ሰፊ እምነት ነው። ንፋስ እውነትም ይረዳል፤ ሜዳ ላይ የቆመ ገበያ ከተዘጋ ቤት እጅግ ይሻላል። ከፍታው ግን ከለላ ቢሆን ኖሮ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ከየትኛውም ቆላ በባሰ ባልተመታች ነበር። የፔሩና የቦሊቪያ ተራሮችም አልተረፉም። ሌላው፣ «ዝርያ በተለዋወጠ ቁጥር እየለዘበ ይሄዳል» የሚለው ነው። ኦሚክሮን ከዴልታ ቀለል ማለቱ ለዚህ ይጠቀሳል፤ ዴልታ ራሱ ግን ከአልፋ የከፋ ነበር። ቫይረሱ ወደ ሌላ ሰው የሚያልፈው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሕመምተኛው ገና ሳይጠና ነው፤ በኋላ ያ ሰው ቢሞትም ቢድንም ለመዛመቱ ለውጥ የለውም። ስለዚህ እንዲለዝብ የሚያስገድደው ነገር የለም። የኦሚክሮንን ጉዳት በከፊል የቀነሰው ብዙ ሰው ቀድሞ መታመሙና መከተቡ ነው።

መንገድ መዝጋት የሚለው መፍትሔ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በክልላችን ተሞክሯል፤ ባሕር ዳርን ጨምሮ የተወሰኑ ከተሞች ለ14 ቀናት ተዘግተው ነበር። ያኔ የታወቁት ታማሚዎች ጥቂት ስለነበሩ ትርጉም ነበረው። በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ ለሚሆን ዝርያ ግን መዝጊያው ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ደጎሎ ላይ ደግሞ የተዘጋ መንገድ ማለት ማዳበሪያና መድኃኒት የማይገባበት፣ ምጥ የያዛት እናት የማትወጣበት መንገድ ነው። ከዚያ የሚሻለው ርካሽ ነው። የለቅሶ ድንኳን ጎንና ጎኑ ተገልጦ ይተከል፤ ወዳጃው በር ተከፍቶ ወይም ደጅ ላይ ይሁን፤ የሳለ ሽማግሌ ዱዓውን ከቤቱ ቢያደርግ ማንም አይቀየመው። ጤና ጣቢያውም ወረርሽኝ ይምጣም አይምጣም በየሳምንቱ ከሳልና ትኩሳት ታማሚዎች ጥቂት ናሙና ይውሰድና በቅዝቃዜ ሣጥን ወደ ደሴ ይላክ። ወባና የምግብ እጥረት ባለበት ይህ ቅንጦት ነው የሚሉ ባለሙያዎችን ሥጋት እረዳለሁ፤ በጀቱ አንድ ነው። ግን ያው ሣጥን፣ ያው መኪና፣ ያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ኩፍኝና ኮሌራም ሲነሡ የሚፈለጉ ናቸው፤ ለኮሮና ብቻ የሚወጣው ተጨማሪ ወጪ የናሙና መውሰጃውና የኪቱ ዋጋ ነው። ውጤቱም ወደ ደሴና አዲስ አበባ ሪፖርት ብቻ ሄዶ መቅረት የለበትም፤ ናሙናው ወደ ተወሰደበት ጤና ጣቢያ በዚያው ሳምንት መመለስ አለበት፤ የዕድሩ ዳኛና የመስጊዱ ኢማም በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳኑን እንዴት እንደሚተክሉ የሚወስኑት እሱን ሰምተው ነውና።